ለትራፕ ተኩስ ቀላል ሾትገን ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትራፕ ማለት ማሽን ወደ አየር የሚወረውረውን የሸክላ ሳህን በሾትገን፣ ማለትም ብዙ ጥቃቅን የእርሳስ ፍሬ በአንዴ በሚረጭ ጠመንጃ፣ መምታት ነው። በአሜሪካው የትራፕ ተኩስ አንድ ዙር 25 የሸክላ ሳህን ነው። አምስት ተኳሾች ሳህኑን ከሚወረውረው ማሽን ቤት 16 ያርድ፣ ማለትም 14.6 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ርቀው ጎን ለጎን ይቆማሉ። እያንዳንዱ ተኳሽ በአምስቱም ቦታዎች እየተዘዋወረ አምስት አምስት ጊዜ ይተኩሳል። በውድድር ቀን መቶ ወይም ሁለት መቶ ሳህን መተኮስ የተለመደ ነው። እንደ ሚኒሶታ ባሉ ግዛቶች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳይቀሩ በሊግ ይወዳደሩበታል። ስለዚህ በሕይወቱ ጠመንጃ ገዝቶ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ወላጅ አንድ ቀን ከልጁ ጋር መሣሪያ መሸጫ ቤት ውስጥ ራሱን ሊያገኘው ይችላል። የመጀመሪያው ጥያቄም አብዛኛውን ጊዜ «በክብደት ቀላሉ የትኛው ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ነውር የለበትም። ሰዎች የሚስቱት መልሱን የሚፈልጉበትን ቦታ ነው።

የአዳኝን ጠመንጃ ለትራፕ መግዛት

በጣም ቀላል የሚባሉት ሾትገኖች፣ ከ2.7 እስከ 3 ኪሎ ግራም የሚመዝኑት፣ የተሠሩት ለእግረኛ አዳኝ ነው። አዳኙ ቀኑን ሙሉ ጫካና ሜዳ ያቋርጣል፤ የሚተኩሰው ግን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ለእርሱ እያንዳንዱ ግራም ዋጋ አለው። የትራፕ ተኳሽ ኑሮ የዚህ ተቃራኒ ነው። አይራመድም፤ ሳህኑ እንዲወረወርለት ከመጥራቱ በፊት ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስቀድሞ ያደላድላል፤ ለጥቂት ሰከንድ ይይዝና ተኩሶ ያወርደዋል፤ ከዚያም ተራው እስኪደርስ ያርፋል። ክብደቱን የሚሸከመው በጣም ለአጭር ጊዜ ሲሆን ምቱን ግን በቀን መቶ ጊዜና ከዚያም በላይ ይቀበላል።

ለትራፕ ተብለው የሚሠሩት ጠመንጃዎች በአብዛኛው ከ3.6 እስከ 4.1 ኪሎ ግራም የሚመዝኑት ለዚህ ነው። እኔ ለትራፕ «ቀላል» የምለው ከ3.2 እስከ 3.5 ያለውን ነው። ከዚያ በታች ለመውረድ በቂ ምክንያት ያስፈልጋል፤ የሻጩ ምላስ በቂ ምክንያት አይደለም።

የርግጫን ሒሳብ መርሳት

ተመሳሳይ ጥይት ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታው ጉልበት ጠመንጃው በቀለለ መጠን ይጨምራል። አራት ኪሎ የሚመዝነውን ሦስት ኪሎ በሚመዝነው ቢተኩት የርግጫው ጉልበት በሲሶ ያድጋል። በመጀመሪያዎቹ አሥር ጥይቶች ይህ ልዩነት ላይሰማዎት ይችላል። በስልሳኛው ላይ ግን ትከሻም ጉንጭም ይመሰክራሉ።

ከሕመሙ የሚከፋው ሰውነት የሚማረው ነገር ነው። በርግጫ የተሰላቸ ተኳሽ ቃታውን ከመሳቡ በፊት ዐይኑን ይጨፍናል፤ ትከሻውን ይሰበስባል፤ ሳህኑን እየተከተለ የነበረውን አፈሙዝ ያቆማል። ይህ ልማድ አንዴ ከገባ ለመንቀል ወራት ይፈጃል፤ በተለይ በታዳጊ ልጅ ላይ ከገባ ልጁ ስፖርቱን ራሱን ሊጠላው ይችላል። «ቀለል ስለሚል ለልጁ ይስማማዋል» ተብሎ የተገዛ ጠመንጃ ልጁን የሚደበድበው ጠመንጃ ሆኖ ይገኛል።

መፍትሔው ግን የግድ ከባድ ጠመንጃ መሸከም አይደለም፤ ጥይቱን ማቅለልም ይቻላል። የአሜሪካ ትራፕ ማኅበር ደንብ የሚፈቅደው ከፍተኛው የእርሳስ መጠን 32 ግራም ገደማ ነው። ይህ ጣሪያ ነው፤ ግዴታ አይደለም። ብዙ ጀማሪዎች መደርደሪያው ላይ ያገኙትን ባለ 32 ግራም ጥይት ያነሣሉ፤ ባለ 28 ወይም ባለ 24 ግራሙ አጠገቡ ተቀምጦ ሳለ። የኦሊምፒክ ትራፕ ተወዳዳሪዎች ከ24 ግራም በላይ አይፈቀድላቸውም፤ የእነርሱ ሳህን ደግሞ ከአሜሪካው ይፈጥናል። ፍጥነቱ መጠነኛ የሆነ ባለ 24 ግራም ጥይት ከሦስት ኪሎ ጠመንጃ ሲተኮስ፣ ርግጫው ባለ 32 ግራሙ በተመሳሳይ ፍጥነት ከአራት ኪሎ ጠመንጃ ሲተኮስ ከሚሰጠው አይበልጥም።

ሚዛኑን አይቶ ልኩን አለማየት

ከክብደት ይልቅ ውጤትን የሚወስነው ሰደፉ ከሰውነት ጋር መግጠሙ ነው። ሰደፉ የረዘመበት ሰው ጠመንጃውን ለመያዝ ወደ ኋላ ያጋድላል፤ ክንዱም ቶሎ ይዝላል፤ ከዚያ «ከበደኝ» ይላል። ከብዶት ሳይሆን ረዝሞበት ነው። ለአጫጭር ሰዎችና ለታዳጊዎች ተብለው የሚሠሩ፣ የሰደፋቸው ርዝመት በሽብልቅ የሚጨመርና የሚቀነስ ጠመንጃዎች አሉ። ልጅ ያድጋልና ለእርሱ የሚገዛ ሰው እነዚህን ቢያስቀድም ገንዘቡን ያተርፋል።

ሁለተኛው ነገር ጉንጭ የሚያርፍበት የሰደፉ ጀርባ ከፍታ ነው። በትራፕ ሳህኑ የሚመታው ገና እየወጣ ሳለ ነው። ስለዚህ የትራፕ ጠመንጃ ጀርባው ከፍ ያለ ነው፤ ሲተኮስም አብዛኛው እርሳስ ካነጣጠሩበት ነጥብ በላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ይሠራል። ተኳሹ ሳህኑን ከአፈሙዙ በላይ እያየ ይመታዋል። የአደን ጠመንጃ ግን እርሳሱን ላይና ታች እኩል ስለሚያካፍል፣ ወደ ላይ የሚወጣውን ሳህን ለመምታት በአፈሙዙ መሸፈን ያስፈልጋል። ዐይን ያላየውን እጅ እንዲመታ መጠየቅ ነው። ጀርባው ከፍና ዝቅ የሚል ሰደፍ ዋጋው ይጨምራል፤ በእኔ ግምት ግን ከተጠረበ ብርና ከጌጥ ሁሉ ይልቅ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ይህ ነው።

ክብደት ለመቀነስ ብሎ አፈሙዝ ማሳጠር

ባለ 26 ኢንች ጠመንጃ ሱቅ ውስጥ ሲያነሡት ይማርካል። ሜዳ ላይ ግን በቶሎ እንደተነሣ በቶሎ ይቆማል፤ ሳህኑ አልፎት ይሄዳል። ለትራፕ 30 እና 32 ኢንች የተለመደው ለዚህ ነው፤ ለአጭር ሰው 28 ይበቃል። ኪሎው ስንት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን የት እንደተቀመጠም ይፈትሹ፤ እኩል የሚመዝኑ ሁለት ጠመንጃዎች አንዱ ጫፉ ላይ ከብዶ፣ ሌላው በሁለቱ እጆች መካከል ተደላድሎ ይገኛል።

ባለ 20 ጌጁን ያለ ጥንቃቄ መምረጥ

ጌጅ የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር አፈሙዙ ይጠባል። ባለ 20 ጌጅ ሾትገን ቀጠን ያለና ቀላል ስለሆነ ብዙዎች ወደ እርሱ ያዘነብላሉ። ከ16 ያርድ ሳህን ይሰብራል፤ ነገር ግን የእርሳስ ፍሬው ያንሳል። ቁጥር 7½ የሚባለው የፍሬ መጠን በ32 ግራም ጥይት ውስጥ 390 ገደማ ፍሬ ሲኖረው፣ በተለመደው ባለ 20 ጌጅ የዒላማ ጥይት ውስጥ ያለው 300 ያህል ነው። ትንሽ ስህተትን የሚሸፍነው እነዚያ ተጨማሪ ፍሬዎች ናቸው። ለዚህ ነው ባለ 12 ጌጁን በቀላል ጥይት መተኮስን የማስቀድመው።

ቤት ውስጥ ሁለቱም ካሉ ደግሞ ጥይቶቹን በፍጹም አይቀላቅሉ። የ20 ጌጅ ጥይት በስህተት ባለ 12 ጌጁ ውስጥ ከገባ ወደ ፊት ሸርተት ብሎ አፈሙዙን ይዘጋዋል። ተኳሹ ባዶ መስሎት ሌላ ጥይት ከኋላው ጨምሮ ሲተኩስ ጠመንጃው ይፈነዳል። የ20 ጌጅ ቀለህ ቢጫ የተደረገው ይህን ለመከላከል ነው።

ከፊል አውቶማቲኩን መናቅ

በጋዝ የሚሠሩ ከፊል አውቶማቲኮች፣ ማለትም ከተተኮሱ በኋላ ቀጣዩን ጥይት ራሳቸው የሚያጎርሱ ጠመንጃዎች፣ ከባሩዱ ግፊት ከፊሉን ለራሳቸው ሥራ ስለሚጠቀሙበት ርግጫውን በጊዜ ዘርግተው ያለሰልሱታል። ትከሻው ለሚያስቸግረው ሰው ከቀላል ባለ ሁለት አፈሙዝ ይሻላሉ። ሁለት ጣጣ አለባቸው፤ ጽዳት ይፈልጋሉ፤ ቀለሃቸውንም በቀኝ በኩል በቆመው ጎረቤት ላይ ይረጫሉ። ለሁለተኛው በርካሽ የሚገዛ የቀለህ መያዣ አለ፤ ገዝተው ቢገጥሙት ጎረቤትዎ ያመሰግንዎታል።

ሳይተኩሱና ሕጉን ሳያጣሩ መግዛት

ሱቅ ውስጥ ወደ ጣሪያው አነጣጥሮ «ይመቻል» ማለት ምንም አይነግርዎትም። ብዙ የተኩስ ሜዳዎች ያከራያሉ፤ የክለብ አባላትም አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸውን ለማስሞከር አይሰስቱም። የጆሮና የዐይን መከላከያ አድርገው ቢያንስ ሁለት ዙር ይተኩሱበት። የካታሎግ ክብደትንም አይመኑ፤ የሰደፉ እንጨት ጥግግት ስለሚለያይ አንድ ዓይነት ሞዴሎች እንኳ እኩል አይመዝኑም።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር ያጣሩ። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በተማሪ፣ በጎብኚና በመሳሰለው ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ጠመንጃ መግዛት ብቻ ሳይሆን በእጁ መያዝም በመሠረቱ የተከለከለ ነው። እንደ ሕጋዊ የአደን ፈቃድ ያሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ። ስለዚህ በኪራይም በውሰትም ከመሞከር በፊት የሕግ ባለሙያ ይጠየቅ። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። ፈቃድ ያለው ነጋዴ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሾትገን ስለማይሸጥ ገዢው ወላጅ ይሆናል። ሲገዙ በሚሞላው ቅጽ 4473 ላይ ሐሰት መጻፍ በራሱ ወንጀል ነው። ግዛቶችም የየራሳቸውን ይጨምራሉ፤ ለምሳሌ ኢሊኖይ ነዋሪዎቿ ከመግዛታቸው በፊት የጦር መሣሪያ ባለቤትነት መታወቂያ እንዲያወጡ ታስገድዳለች።