ማሲንቆውን ውሃ አታስነኩት

ቤታችሁ ማሲንቆ ካለ ይህቺን ያዙልኝ። ድምፁ ሲሻክር ወይም ሲታፈን ቶሎ ጭራውን፣ ማለትም ከፈረስ ጭራ የተሠራውን ክር፣ ለመቀየር አትሩጡ። መጀመሪያ ሳጥኑ ላይ የተወጠረውን ቆዳ እዩት። ደጋኑ (ክሩን የምንገዘግዝበት ቅስት) ላይ የምንቀባው ሙጫ ስንጫወት እየተፈረፈረ እንደ ነጭ ዱቄት ይበንናል። ቆዳው ላይ ያርፋል። ካልተጠረገ ከአቧራና ከላብ ጋር ጠቁሮ ይጋገራል።

ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ያረጀ የጥጥ ካናቴራ በጣም አሪፍ ነው። ከጭራው ሥር ጣት የማይደርስበትን ደግሞ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ አራግፉት። ውሃና ሳሙና ግን አደራ! ቆዳው ውሃ ሲጠጣ ይላላል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ከጠርዙ ሊቀደድ ይችላል።

ሌላው ጠላት ቅባት ነው። ጸጉር ወይም እጅ ተቀብታችሁ ጭራውን አትንኩት። የሁለቱንም፣ የማሲንቆውንም የደጋኑንም። ቅባት የነካው ጭራ ሙጫ አይዝም፤ ደጋኑ ድምፅ ሳያወጣ ይንሸራተታል። እኔ ሁሌም እጄን ታጥቤ፣ በደንብ አድርቄ ነው የማነሳው።

መቃኛው (ጭራውን የምናጠብቅበት እንጨት) እየተንሸራተተ ካስቸገራችሁ አውጡትና ቀዳዳው ውስጥ የሚገባውን ቦታ ጠመኔ ቀባ አድርጉት። ይነክሳል።

ስታስቀምጡት ጭራውን ትንሽ አላሉት፣ ቆዳው እንዳይጎብጥ። ክረምት ላይ ቆዳው ከረገበ ለጥቂት ደቂቃ ለስለስ ያለ የጠዋት ፀሐይ ይበቃዋል። ከሰል ላይ አትያዙት፤ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ውጭ አገር ያላችሁም ከቤት ማሞቂያው አርቃችሁ ስቀሉት።