በብላክጃክ የአዳዩ እጅ በስንት እንደሚያልቅ እንዴት ይሰላል?

በብላክጃክ ካርታ አዳዩ፣ ካዚኖ ውስጥ ዲለር የሚባለው፣ በራሱ ፈቃድ የሚወስነው ነገር የለም። የካርታዎቹ ድምር 16 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ተጨማሪ ካርታ ይስባል፤ 17 ከደረሰ ይቆማል። እጁ በስንት እንደሚያልቅ በትክክል ማስላት የሚቻለውም ለዚህ ነው። በሜሪላንድ አበርዲን በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለግሉ የነበሩት ሮጀር ባልድዊንና ሦስት ባልደረቦቹ በ1956 ያሳተሙትን ስሌት የሠሩት በጠረጴዛ ማስያ ማሽን ነበር። ዛሬ ኤክሴል ይበቃል። ለእያንዳንዱ ድምር አንድ ረድፍ ካለው የስሌቱ ሠንጠረዥ የመጀመሪያዎቹን አምስት ረድፎች ግን በእርሳስና በወረቀት መሥራት ይሻላል፤ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ የሚታየው ያኔ ነው።

ኮምፒውተር ሚሊዮን እጅ እንዲጫወት አድርጎ ውጤቱን መቁጠርም ይቻላል። ሆኖም መጨረሻ ላይ የምናየውን ዓይነት ጠባብ ልዩነት ለመለየት ሚሊዮን እጅ አይበቃም። ሠንጠረዡ ግን ቁርጡን ይናገራል።

1. ካርታዎቹን መመዘን

ከ52ቱ ካርታዎች ከ2 እስከ 9 ያሉት እያንዳንዳቸው አራት አራት ናቸው። አሥር፣ ጃክ፣ ኩዊን እና ኪንግ ሁሉም 10 ስለሚቆጠሩ በአንድነት 16 ይሆናሉ። አስም አራት ነው፤ እንደ ሁኔታው 1 ወይም 11 ይቆጠራል። ስለዚህ ቀጣዩ ካርታ 10 የመሆን ዕድሉ 4/13 ሲሆን የሌላው ቁጥር ሁሉ 1/13 ነው። አሥሩን የዋጋ ዓይነቶች እኩል አድርጎ ለእያንዳንዱ 1/10 የሚሰጥ ሰው ገና ከጅምሩ ይስታል። 16 ላይ ሲሳብ የመቃጠል (ከ21 አልፎ የመሸነፍ) ዕድሉ 50 በመቶ ይመስለዋል፤ ትክክለኛው ግን 8/13፣ ማለትም 61.5 በመቶ ነው።

ብዙ ካዚኖዎች 6 ወይም 8 እሽግ ካርታ ቀላቅለው ስለሚያድሉ አንድ ካርታ ሲወጣ ክፍልፋዩ እምብዛም አይነቃነቅም። ለመጀመሪያው ሠንጠረዥ ጭራሽ እንደማይለወጥ ይያዙት።

2. የመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች

ይህ ቀላል ነው። ከአንድ እሽግ ሁለት ካርታ የሚወጣባቸው መንገዶች 52 × 51 ÷ 2 = 1326 ናቸው። ብላክጃክ (አስ ከ10 ጋር) 4 × 16 = 64 መንገድ አለው፤ 4.83 በመቶ። 20 ደግሞ በሁለት 10 በ120 መንገድ፣ በአስና በ9 በ16 መንገድ ይመጣል፤ በድምሩ 136፣ ማለትም 10.26 በመቶ ነው። 16 ከ10 እና 6 (64)፣ ከ9 እና 7 (16)፣ ከሁለት 8 (6) ተደምሮ 86 ይሆናል፤ 6.49 በመቶ። አስና 5 የሚሠሩት 16 ለብቻው ይቆጠራል፤ ምክንያቱ በ4ኛው ደረጃ ይመጣል። ጥንድ ሲሆን ቁጥሩ 4 × 4 ሳይሆን 4 × 3 ÷ 2 = 6 መሆኑን አይርሱ። የሁሉም መንገዶች ድምር ከ1326 ከበለጠ ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ነው።

3. ከ16 ጀምሮ ወደ ታች

ጀማሪ ሁሉ ከ2 ጀምሮ ወደ ላይ መውጣት ያምረዋል። አያዋጣም። ከ2 የሚነሱ የካርታ ሰንሰለቶች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ርዝመታቸው ስለሚለያይም ዕድላቸው እኩል አይደለም። ከላይ ከጀመሩ ግን እያንዳንዱ ረድፍ አስቀድሞ በተሠሩት ረድፎች ላይ ያርፋል።

16 ላይ አስ፣ 2፣ 3፣ 4 ወይም 5 ከመጣ አዳዩ በ17፣ 18፣ 19፣ 20 ወይም 21 ይቆማል፤ ለእያንዳንዱ 1/13። የቀረው 8/13 መቃጠል ነው።

15 ላይ ከ2 እስከ 6 ያሉት በቀጥታ ከ17 እስከ 21 ያደርሱታል። ከ7 ጀምሮ ያሉት ያቃጥሉታል፤ 7/13። አስ ከመጣ ግን 16 ይሆንና ጨዋታው ይቀጥላል፤ ስለዚህ የ16ን ረድፍ በ1/13 አባዝተው ይጨምሩ። መቃጠሉ 7/13 + 1/13 × 8/13 = 99/169፣ ማለትም 58.6 በመቶ ይሆናል። 17 ደግሞ 1/13 + 1/13 × 1/13 = 14/169 ነው፤ እስከ 21 ያሉትም እንደዚሁ። 5 × 14 + 99 = 169፤ ረድፉ ሞልቷል። ይህን ማረጋገጫ በየረድፉ ያድርጉት። ከላይ ያለች ትንሽ ስህተት ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ሁሉንም ረድፍ ትበክላለች።

በዚሁ መንገድ የመቃጠል ዕድሉ ለ14 55.4፣ ለ13 52.0፣ ለ12 48.3 በመቶ ይወጣል።

4. አስ፦ ሁለት ሠንጠረዥ የሚያስፈልግበት ቦታ

ስሌቱ በብዛት የሚበላሸው እዚህ ነው። አስ እንደ 11 የተቆጠረበት እጅ ለስላሳ ድምር ይባላል፤ አንድ ካርታ ብቻ ተስቦበት ሊቃጠል አይችልም፤ 21ን ካለፈ አስ ወደ 1 ይወርዳልና። አስ የሌለበት ወይም አስ እንደ 1 የተቆጠረበት እጅ ደረቅ ይባላል። ስለዚህ ለስላሳ 16 እና ደረቅ 16 ስማቸው አንድ ቢሆንም የማይገናኙ ሁለት እጆች ናቸው፤ በአንድ ረድፍ ማጨቅ አይቻልም።

ለስላሳ 16ን፣ ማለትም አስና 5ን፣ ይውሰዱ። ከአስ እስከ 5 ያሉት በ17፣ 18፣ 19፣ 20 እና 21 ያቆሙታል። 6 ከመጣ ድምሩ 22 ይሆናል፤ 10 ሲቀነስ ደረቅ 12። 7 ወደ ደረቅ 13፣ 8 ወደ 14፣ 9 ወደ 15፣ አራቱ የ10 ዓይነቶች ደግሞ ወደ ደረቅ 16 ይወስዱታል። የእነዚህን ረድፎች የመቃጠል ዕድል ይደምሩ፤ የደረቅ 16ን አራት ጊዜ ይቁጠሩ፤ ከዚያ ለ13 ያካፍሉ። 35.4 በመቶ ይወጣል። ደረቁ 61.5 ነበር። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው የስህተቱን መጠን ከዚህ ያየዋል።

ከለስላሳ 16 ወደ 15፣ 14፣ 13፣ 12 ይውረዱ። ለስላሳ 12 ሁለት አስ ነው፤ ብዙዎች ይዘሉታል።

ከዚህ በፊት ግን የጠረጴዛውን ሕግ ያንብቡ። ላስ ቬጋስ ውስጥ አዳዩ ለስላሳ 17 ላይ ይቆም ወይም ይሳብ ብዙ ጊዜ ጨርቁ ላይ ታትሞ ይገኛል። የሚስብ ከሆነ ለስላሳ 17ም ራሱን የቻለ ረድፍ ይፈልጋል። አዳዩ 6 ሲያሳይ (ፊቱ የተገለጠው አንዱ ካርታው 6 ሲሆን) የመቃጠሉ ዕድል በዚህ ሕግ ከ42.3 ወደ 43.9 በመቶ ይወጣል። ያም ሆኖ ሕጉ የሚጠቅመው ካዚኖውን ነው፤ ለስላሳ 17 የነበረው እጅ ብዙ ጊዜ ወደ ተሻለ ድምር ስለሚሄድ የቤቱ ብልጫ፣ ማለትም ካዚኖው ከውርርዱ በአማካይ የሚያተርፈው፣ በ0.2 በመቶ ገደማ ያድጋል።

5. የሚታየው ካርታ

አሁን ከ11 እስከ 2 መውረድ የእጅ ሥራ ብቻ ነው። አዳዩ ለስላሳ 17 ላይ የሚቆም ከሆነ የመቃጠሉ ዕድል በሚያሳየው ካርታ እንዲህ ይወጣል፦ 2 ሲሆን 35.4፣ 3 ሲሆን 37.4፣ 4 ሲሆን 39.4፣ 5 ሲሆን 41.6፣ 6 ሲሆን 42.3፣ 7 ሲሆን 26.2፣ 8 ሲሆን 24.5፣ 9 ሲሆን 22.8፣ 10 ሲሆን 21.2፣ አስ ሲሆን 11.5 በመቶ። ከ6 ወደ 7 ሲሻገር ያለውን ገደል ያስተውሉ፤ 7 ላይ 10 ሲጨመር 17 ሆኖ ይቆማል፣ 6 ላይ ሲጨመር ግን 16 ሆኖ እንደገና ለመሳብ ይገደዳል። የእርስዎ ቁጥር ከእነዚህ ከራቀ መጀመሪያ የአስን ረድፎች ይመርምሩ።

6. ብላክጃክ አለመኖሩ ሲታወቅ

አሜሪካ ውስጥ አዳዩ 10 ወይም አስ ካሳየ፣ ተጫዋቹ ከመሳቡ በፊት የተደበቀውን ካርታ አይቶ ብላክጃክ አለመያዙን ያረጋግጣል። ያኔ ከላይ ያለው ቁጥር መስተካከል አለበት። 10 ሲያሳይ የተደበቀው ካርታ አስ አይደለም ማለት ነው፤ የቀረው ዕድል 12/13 ስለሆነ 21.21ን በ12/13 ያካፍሉ፤ 22.98 በመቶ። አስ ሲያሳይ 11.53ን በ9/13 ያካፍሉ፤ 16.65 በመቶ። በብዙ የአውሮፓ ካዚኖዎች አዳዩ ሁለተኛውን ካርታ የሚወስደው ተጫዋቾቹ ከጨረሱ በኋላ ስለሆነ እዚያ ያልተስተካከለው ቁጥር ይሠራል። ሁለቱን በአንድ ስሌት መደባለቅ ክልክል ነው።

7. ሠንጠረዡን መጠቀም፦ 16 በ10 ላይ

ተጫዋቹ 16 ይዟል፤ አዳዩ 10 አሳይቷል፤ ብላክጃክ የለም። ከቆመ የሚያሸንፈው አዳዩ ከተቃጠለ ብቻ ነው፦ 2 × 0.2298 − 1 = −0.5404። ከሳበ 8/13 ይቃጠላል። ከ17 እስከ 21 ለሚደርስባቸው አምስት ድምሮች ደግሞ ከአዳዩ ረድፍ የማሸነፉን ዕድል ይውሰዱ፤ የመሸነፉን ይቀንሱ፤ አቻውን ዜሮ ያድርጉ። አምስቱ ተደምረው ለ13 ሲካፈሉ 0.0756 ይሆናሉ። 8/13 ሲቀነስ −0.5398 ይቀራል። በ100 ዶላር ውርርድ መቆም በአማካይ 54.04፣ መሳብ 53.98 ዶላር ያስከፍላል። መሳብ የሚሻለው በ6 ሳንቲም ብቻ ነው።

ልዩነቱ ይህን ያህል ቀጭን ሲሆን ክፍልፋዩ አይለወጥም ያልነው ግምት አይበቃም። 16ቱ ከ10፣ 4 እና 2 የተሠራ ከሆነ ተጫዋቹን ሊያድኑ ከሚችሉት ትናንሽ ካርታዎች ሁለቱ ወጥተዋል። 4 ወይም 5 ያለበት ባለ ሦስት ካርታ 16 በ10 ላይ መቆም አለበት የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። በአንድ እሽግ ካርታ የሚጫወቱ ከሆነ የወጡትን ካርታዎች ከ52ቱ ቀንሰው ክፍልፋዮቹን ያድሱና ከ16 ረድፍ እንደገና ይጀምሩ።