ትንሽ ጀልባ ላይ የኤአይኤስ መቀበያ ሲገጥሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ እየኖሩ ቅዳሜና እሁድ በትንሽ ጀልባ ቼሳፒክ ቤይ የሚወጡ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው። እዚያ ውኃ ላይ ወደ ባልቲሞር የሚገቡ የኮንቴይነር መርከቦች ያልፋሉ። ማርች 26 ቀን 2024 የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይን ገጭታ የጣለችው የኮንቴይነር መርከብ ዳሊ ርዝመቷ 300 ሜትር ይደርሳል። እንዲህ ያለ መርከብ ከተቆፈረለት ጥልቅ መስመር መውጣት አይችልም። ልቁም ቢልም ቶሎ አይቆምም። የባሕር ጉዞ ሕጉም ከ20 ሜትር በታች የሆነ ጀልባ በዚያ ጠባብ መስመር ብቻ መሄድ የሚችለውን መርከብ እንዳያደናቅፍ ያዛል። ስለዚህ ቀድሞ ማወቅና ቀድሞ ዞር ማለት ያለበት ትንሹ ነው።

ለዚህ የሚረዳው ኤአይኤስ ነው። መርከቦች ስማቸውን፣ ያሉበትን ቦታ፣ ፍጥነታቸውንና አቅጣጫቸውን ሰው ሳይነካው በቪኤችኤፍ ሬዲዮ የሚያሰራጩበት ዘዴ ነው። ሥርጭቱ የሚሄደው በ161.975 እና በ162.025 ሜጋኸርትዝ ሲሆን መቀበያ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። መቀበያው ዋጋው ብዙ አይደለም፣ ገጠማውም ከባድ አይደለም። ግን በገጠማው ላይ ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ዕቃ ያቃጥላሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ሰውን አደጋ ላይ ይጥላሉ።

አንዱን አንቴና በተራ ማከፋፈያ ለሁለት መክፈል

ዕቃ የሚያቃጥለው ይኼኛው ነው። ጀልባው ላይ የድምፅ ሬዲዮ አንቴና አለ። መቀበያው የሚሰማውም በዚያው የቪኤችኤፍ ክልል ነው። ታዲያ ለምን በቲ ቅርጽ ኮኔክተር ወይም ቤት ውስጥ በተረፈ የቲቪ ማከፋፈያ አልከፍለውም ይላል ሰው። ችግሩ የሚመጣው ማይኩን ሲጫኑ ነው። የጀልባ ሬዲዮ እስከ 25 ዋት ይልካል። መቀበያው ግን የተሠራው ከሩቅ የሚመጣ እጅግ ደካማ ሞገድ እንዲሰማ ነው። ያ ሁሉ ኃይል በአንድ ጊዜ ሲገባበት የውስጥ ክፍሉ ይቃጠላል። የቲቪ ማከፋፈያ ደግሞ ለ75 ኦም የተሠራ ነው፤ የባሕር ሬዲዮ ኬብልና አንቴና 50 ኦም ናቸው። ሳይቃጠል ቢቀር እንኳ ሬዲዮውም መቀበያውም አቅማቸው ይዳከማል።

አንድ አንቴና ለሁለቱም ማዋል ከፈለጉ ለኤአይኤስ ተብሎ የተሠራ፣ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ስፕሊተር ይግዙ። ሬዲዮው መላክ ሲጀምር መቀበያውን በራሱ ይቆርጠዋል፣ ሲጨርሱ መልሶ ያገናኘዋል። ሲገዙ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ስፕሊተሩ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥበት ሬዲዮው ከአንቴናው ጋር እንደተገናኘ ይቆያል? መልሱ አይቆይም ከሆነ ይተዉት። በአደጋ ሰዓት ከሁሉም በፊት የሚያስፈልግዎት የድምፅ ሬዲዮው ነው።

ሁለተኛ አንቴና መትከል ከስፕሊተር ይሻላል ባይ ነኝ። አንዱ ቢሰበር ሌላው መጠባበቂያ ይሆናል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ግን አይትከሏቸው፤ ቢያንስ ከ1 ሜትር በላይ ያራርቋቸው፣ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ ማድረግ ከተቻለ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። ሬዲዮዎ ያረጀ ከሆነ ሌላም ምርጫ አለ። እንደ ስታንዳርድ ሆራይዘን ጂኤክስ2400 ያሉ፣ የኤአይኤስ መቀበያ በውስጣቸው ያለ ሬዲዮዎች አሉ። አንድ ሣጥን፣ አንድ አንቴና፣ ያለ ስፕሊተር። ለትንሽ ጀልባ ከዚህ ንጹሕ አሠራር አላውቅም።

ገንዘቡን ሁሉ ሣጥኑ ላይ ማውጣት

ሰው መቀበያ ሲመርጥ ቀናት ያጠፋል፤ አንቴናውን ግን እጁ ባገኘው ቦታ ያስራል። መሆን የነበረበት በተቃራኒው ነው። የቪኤችኤፍ ሞገድ የምድርን ክብነት ተከትሎ ብዙ አይታጠፍም፣ ስለዚህ ርቀቱን የሚወስነው ከፍታ ነው። ለግምት ያህል የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ይውሰዱ፣ ስኩዌር ሩቱን ያውጡ፣ በ4.1 ያባዙ፤ የሚወጣው ኪሎ ሜትር ነው። አንቴናዎ 4 ሜትር ላይ ከሆነ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰጥዎታል። የመርከቡ አንቴና 36 ሜትር ላይ ከሆነ ለእሱ 24 ኪሎ ሜትር ተኩል ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 33 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መርከቡ በ12 ኖት ፍጥነት፣ ማለትም በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቢመጣ ያንን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ይህ ከበቂ በላይ ጊዜ ነው። አንቴናውን ካቢኔው ውስጥ ከጣሉት ግን ይህ ስሌት አይሠራም።

ከዚያ ኬብሉ አለ። አርጂ-58 የሚባለው ቀጭኑ ኬብል በ15 ሜትር ውስጥ የገባበትን ኃይል ግማሽ ያህል ይበላል። አርጂ-213 በዚያው ርዝመት የሚያጠፋው ሩብ ያህሉን ነው። አምስት ስድስት ሜትር ለሚበቃው የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ቀጭኑም ይሠራል። ምሰሶ ጫፍ ድረስ ለሚወጣ ባለ ሸራ ጀልባ ግን ወፍራሙን ይግዙ። ኮኔክተሮቹንም በደንብ በብየዳ ያስይዙና ውጭ ያለውን መጋጠሚያ እርስ በርሱ በሚጣበቅ የጎማ ቴፕ ይጠቅልሉት። ጨዋማ ውኃ ኬብል ውስጥ አንዴ ከገባ መዳቡን እያጠቆረ ይሄዳል፣ ማድረቅም አያድነውም።

አንድ ቻናል ብቻ የሚሰማ መቀበያ መግዛት

መርከቦች በሁለቱ ቻናሎች እየተፈራረቁ ነው የሚልኩት። በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ የሚሰማ አሮጌ መቀበያ የመልእክቱን ግማሽ ያህል ያጣል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚሰማ ይግዙ።

ስክሪኑ ባዶ ሲሆን መቀበያው ተበላሽቷል ማለት

መጀመሪያ የመቀበያውን ትንሽ መብራት ይዩ። መልእክት በመጣ ቁጥር ብልጭ የሚል ከሆነ መቀበያው ደህና ነው፤ ችግሩ ከካርታ ስክሪኑ ጋር በሚያገናኘው መስመር ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመረጃ ፍጥነቱ ነው። ኤንኤምኢኤ 0183 የሚባለው የድሮ መስመር በተለመደው በሰከንድ 4,800 ቢት ይሠራል። ኤአይኤስ ግን 38,400 ይፈልጋል። የካርታ ስክሪኑ ቅንብር ውስጥ ገብተው ይቀይሩት።

መርከቦቹ እየታዩ የመቀራረቢያው ርቀትና ሰዓት ካልወጣ ደግሞ ስክሪኑ የራስዎን ቦታ አያውቅም ማለት ነው። ጂፒኤስ ያገናኙለት። ያለ እሱ መርከቡ የት እንዳለ ይነግርዎታል እንጂ ከእርስዎ ጋር መቼ እንደሚገናኝ ማስላት አይችልም።

የኤልኢዲ መብራትን አለመጠርጠር

ቀን ቀን ጥሩ ይሰማል፣ ማታ መርከቦቹ ይጠፋሉ? ማታ የሚበራው ምንድን ነው? ርካሽ የኤልኢዲ መብራቶች የቪኤችኤፍ ድምፅንና ኤአይኤስን እንደሚረብሹ የአሜሪካ ኮስት ጋርድ በ2018 አስጠንቅቋል። መፈተኛው ቀላል ነው። ሬዲዮውን ጸጥ ያለ ቻናል ላይ ያድርጉ። የስኩዌልች ቁልፉን ሹሹታው ልክ እስኪቆም ድረስ ያዙሩት። ከዚያ መብራቶቹን አንድ በአንድ ያብሩ። ሹሹታውን የመለሰው መብራት ጥፋተኛው እሱ ነው። የስልክ ቻርጀሮችንም በዚሁ መንገድ ይፈትሹ።

የስልኬ አፕ ይበቃኛል ማለት

የመርከብ መከታተያ አፖች መረጃውን የሚሰበስቡት በአብዛኛው የባሕር ዳርቻ ላይ ካሉ ጣቢያዎች ሲሆን ወደ እርስዎ የሚደርሰው በኢንተርኔት ነው። ሊዘገይ ይችላል፤ ኔትወርክ ከጠፋ ደግሞ ጭራሽ አይመጣም። ቤት ቁጭ ብሎ ለማየት ግሩም ናቸው። ለግጭት መከላከያ ግን አይሆኑም።

ስለሰማሁ ታይቻለሁ ብሎ ማሰብ

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። መቀበያ ብቻ ያለው ጀልባ ይሰማል እንጂ አይናገርም። መርከቡን የሚመራው መኮንን ስክሪን ላይ እርስዎ የሉም። እንዲያዩዎት ከፈለጉ የሚልክ መሣሪያ፣ ክላስ ቢ የሚባለውን፣ መግዛት አለብዎት። አቅም ከፈቀደ እሱ ይሻላል።

የሚታየውም ሁሉ አይደለም። እዚህ አገር የንግድ ጀልባ ኤአይኤስ እንዲይዝ የሚገደደው በአብዛኛው ርዝመቱ 65 ጫማ ሲደርስ ነው። ሸርጣን የሚያጠምዱት አብዛኞቹ ጀልባዎች ከዚያ ያንሳሉ፣ ስለዚህ ስክሪንዎ ላይ ላይኖሩ ይችላሉ። ከዚህ የባሰው ጎታች ጀልባ ነው። ስክሪኑ ላይ አንድ ምልክት ብቻ ያያሉ። ከኋላው ግን በረጅም ገመድ የሚጎተት፣ ስክሪኑ ላይ ምንም ምልክት የሌለው ትልቅ ባርጅ (ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ) ሊኖር ይችላል። ምልክቱ አለፈ ብለው ከኋላው ለመሻገር ከሞከሩ ገመዱ ላይ ይወጣሉ። ስለዚህ ጎታች ጀልባ ካዩ ዓይንዎን ከስክሪኑ ያንሱና ከኋላው ያለውን ይፈልጉ።

ማንቂያውን እንደመጣ መተው

አናፖሊስ ፊት ለፊት ተራ የሚጠብቁ መርከቦች መልሕቅ ጥለው ይቆማሉ። መርከብ ሲቀርብ የሚጮኸው የስክሪኑ ማንቂያ ሰፊ ርቀት ላይ ከተሞላ እነሱም ያስጮኹታል። ሰው በጩኸቱ ተሰላችቶ ጭራሽ ያጠፋዋል። ርቀቱን ወደ ግማሽ ማይል፣ ጊዜውን ወደ 10 ደቂቃ ያሳጥሩና የቆሙትን እንዲተው ያዙት።

ቁጥሩን አለማንበብ

እያንዳንዱ ምልክት ባለ 9 አሃዝ ቁጥር አለው። የመርከብ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ 3 አሃዞች የአገሩን ባንዲራ ይናገራሉ። የኢትዮጵያ 624 ነው፤ የእኛ መርከቦች በዚህ ቁጥር ይታወቃሉ። በ970 ወይም በ972 የሚጀምር ካዩ ግን መርከብ አይደለም። 970 የነፍስ አድን መሣሪያ ነው፣ 972 ደግሞ ከጀልባ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው። አሮጌ ስክሪኖች ይህን እንደ ተራ መርከብ ሊያሳዩት ይችላሉ። የእርስዎ ስክሪን እንዴት እንደሚያሳየው ከመውጣትዎ በፊት መመሪያው ላይ ይፈልጉ።

ስሙን እያወቁ "ያ መርከብ" ብሎ መጥራት

ኤአይኤስ የሰጠዎት ትልቁ ነገር ስሙ ነው። ሬዲዮ ላይ "በቀኜ ያለኸው ትልቅ መርከብ" ቢሉ ማንም እኔን ነው አይልም። ስሙን ሁለት ጊዜ ይጥሩ፣ የራስዎን ጀልባ ስም ይናገሩ፣ የት እንዳሉ ይጨምሩ፤ ለምሳሌ ከቶማስ ፖይንት መብራት በስተ ምሥራቅ አንድ ማይል። እዚህ አገር መርከቦች እርስ በርስ የሚነጋገሩት በቻናል 13 ነው፣ በ1 ዋት። መጀመሪያ እዚያ ይሞክሩ፤ መልስ ካጡ ወደ 16 ይሂዱ። ከዚያ በየትኛው ጎኑ እንደሚያልፉ በግልጽ ይንገሩት።