ሸምበቆ መስሎ የሚቆመውን ወፍ ፎቶ ማንሳት

የመጀመሪያ ቀን ይዤ የተመለስኩት ሠላሳ የሸምበቆ ፎቶ ነው። ባለቤቴ አንድ በአንድ አየቻቸውና «ወፉስ?» አለችኝ። አንዱ ውስጥ ነበር። እኔም ብሆን ያገኘሁት ሁለት ቀን አፍጥጬበት ነው።

ቢተርን ይባላል። የሳቢሳ ዘመድ ነው፤ መልኩ ቡናማ፣ በጥቁር የተዥጎረጎረ። ሲደነግጥ ብዙ ጊዜ አይበርም። ምንቃሩን ወደ ሰማይ ቀስሮ ቀጥ ይላል፤ ነፋስ ከመጣ ከሸምበቆው ጋር ይወዛወዛል። ወንዱ በፀደይ ባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ እንደሚነፋ ሰው ያጓራል፤ የሚቆጠረውም በድምፁ ነው። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1997 የተቆጠሩት 11 ወንዶች ብቻ ነበሩ። አሁን ከ200 አልፈዋል።

እኔ የምሄደው ለንደን ውስጥ ባርንስ ያለው ዌትላንድ ሴንተር የሚባል ረግረጋማ የወፎች መጠበቂያ ቦታ ነው። ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ሂዱ። ሌሊቱን ውርጭ ከነበረማ ሥራም ቢሆን ፈቃድ ጠይቁ። ውሃው በረዶ ሲሠራ ወፉ ዓሣ ፍለጋ ከጥቅጥቁ ሸምበቆ ወደ ጠርዙ ይወጣል።

ሃይድ የሚሉት ጠባብ መስኮት ያለው መደበቂያ ቤት ነው። በሩን ቀስ አድርጋችሁ ዝጉ። እጃችሁን በመስኮቱ አታውጡ፤ ፍላሽ አይታሰብም። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ቦታ ይይዛል፣ የሰው እግርም ያደናቅፋል። እኔ ያረጀ ጂንስ እግሩን ቆርጬ ሰፋሁና ሽምብራ ሞላሁበት። መስኮቱ ላይ አጋድሜ ሌንሱን አስደግፍበታለሁ፤ ንቅንቅ አይልም።

አሁን ወፉን አትፈልጉት። ሸምበቆውና ውሃው የሚገናኙበትን መስመር ብቻ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያላችሁ እዩ። ነፋስ ሳይኖር የሚነቃነቅ አገዳ ካለ ዓይናችሁን እዚያ አቁሙ። አረንጓዴ እግር ብቅ ሊል ይችላል። ሸምበቆው ታጭዶ ክፍተት የተተወበት ቦታ ካለ ደግሞ ሌንሱን እዚያው ደግናችሁ ጠብቁ፤ ሲሻገር የሚጋለጠው እዚያ ነው።

ያንን ሁሉ ሸምበቆ ያነሳሁት በአውቶፎከስ፣ ማለትም ካሜራው ራሱ ጥራቱን በሚያስተካክልበት ዘዴ፣ ጥፋት ነው። ካሜራው ፊት ለፊት ያገኘውን አገዳ ይይዝና ወፉን ያደበዝዘዋል። አንዲት ትንሽ የፎከስ ነጥብ ብቻ ምረጡና ዓይኑ ላይ አሳርፏት። እምቢ ካለ በእጅ አስተካክሉ፤ ወፉ እንደሆነ አይቸኩልም። ቆሞ ሳለ የሹተር ፍጥነት (ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ) 1/250 ሰከንድ ይበቃል። ከበረረ ግን 1/1600 ያስፈልጋል። የለንደን የብርድ ወራት ብርሃን ደካማ ስለሆነ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚለካውን ቁጥር) 3200 ለማድረስ አትሳሱ። ትንሽ ነጠብጣብ ያለው ፎቶ ከደበዘዘው ይሻላል።

ቡናችሁን በፔርሙስ ያዙ፣ ግን አንድ ሰው እያየ ሌላው ይቅዳ። ባለፈው ዓመት አራት ሰዓት ጠብቄ ክዳኑን ስከፍት አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። ቀና ስል ወፉ ሸምበቆው ላይ ዝቅ ብሎ እንደ ጉጉት እየበረረ ነበር። ካሜራው ጭኔ ላይ፣ ቡናው ሱሪዬ ላይ።

ሊመሽ ሲል ከሃይዱ አትውጡ። ወደ ማደሪያው የሚበረው ያን ጊዜ ነው።