የመንግሥትን የኢኮኖሚ ውሳኔ ከገበያ ዳር ሆኖ እንዴት መመዘን ይቻላል?

መንግሥት አንድ የኢኮኖሚ ውሳኔ ባሳወቀ ማግስት ደሴ ላይ በየቡናው የሚነሣው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ «ጥሩ ነው» እና «አይረባም» በሚሉ ሁለት ቃላት ተጀምሮ በእነዚያው ያልቃል። ይህ አካሄድ ብዙም አያስተምርም። የአገር ሀብት ውስን ነውና ለአንዱ ጉዳይ የዋለ ብር ለሌላው ሊውል አይችልም፤ ስለዚህ ዋጋ የማያስከፍል ፖሊሲ የለም። መጠየቅ የሚገባው ዋጋውን ማን፣ መቼ እና በምን መልክ እንደሚከፍለው ነው።

በቅድሚያ ገንዘቡ ከየት እንደመጣና ምን ሳይሠራበት እንደቀረ ይጠይቁ። የነዳጅ ድጎማን ብንወስድ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ የሚመላለሰውን ሚኒባስ ታሪፍ አርክሶ ያቆየ ቢሆንም፣ ብዙ ነዳጅ ለሚያቃጥለው ባለ የግል መኪና የሚሰጠው ጥቅም ከተሳፋሪው ይበልጥ ነበር፤ ያው ብር ደግሞ ጤና ጣቢያ ወይም የገጠር መንገድ ሊሆን ይችል ነበር። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ሲያነሣ ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ለይቶ ያቆየው ይህንኑ ለማስታረቅ ነው። እንዲህ ለይቶ መደጎም ግን የራሱ ወጪ አለው፤ ተቆጣጣሪ ይፈልጋል፣ ለማጭበርበርም በር ይከፍታል።

ቀጥሎ አንድ ቤተሰብ ይምረጡና አንድ ወረቀት መሐሉን በመስመር ከፍለው፣ በአንደኛው ወገን ቤተሰቡ የሚሸጠውን፣ በሌላው የሚገዛውን ይጻፉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ይህን በቃሉ ወረዳ ማሾ በሚያመርት ገበሬ ወረቀት ላይ እንየው። ማሾ ወደ ውጭ የሚላክ ሰብል በመሆኑ በሽያጩ በኩል ገበሬው የተሻለ ዋጋ ሊጠብቅ ይችላል፤ በግዢው በኩል ግን ማዳበሪያውም፣ የምግብ ዘይቱም፣ የልጁ መድኃኒትም በዶላር የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ ተጠቃሚና ተጎጂ የምንላቸው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ላይሆኑ ይችላሉ፤ አንዳንዴ በአንድ ጎጆ ውስጥ ያድራሉ። በደመወዝ የሚተዳደረው የደሴ መምህር ወረቀት ላይ ደግሞ የመሸጫው ወገን አንድ መስመር ብቻ ነው።

የዋጋ ጣሪያ ሲወጣ መታየት ያለበት የተለጠፈው ዋጋ ሳይሆን መደርደሪያው ነው። የዘይት ዋጋ በተተመነበት አንድ ሰሞን ከሰፈሬ ሱቅ ብሄድ ዋጋው በትልቁ ተጽፎ ዘይቱ ግን አልነበረም፤ ባለሱቁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከጓዳ አለ፣ ዋጋው ግን ሌላ ነው» አለኝ። ጣሪያው ከመጫኛና ከማስመጫ ወጪ በታች ሲሆን ዕቃው ከፊት መደርደሪያ ወደ ጓዳ ይገባል። ሰልፍ ላይ የሚጠፋው ግማሽ ቀንም ቢሆን ዋጋ ነው፤ የቀን ሠራተኛዋ የምትከፍለው ከውሎ ገቢዋ ቀንሳ ነው።

በእኔ ግምት በጣም የሚዘነጋው የመግዛት አቅም ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከወሎ የተሻለ ማስረጃ የሚገኝ አይመስለኝም። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን የ1965 እና የ1966 ዓ.ም.ን ረኀብ ሲመረምር፣ የደሴ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ እንደነበር አሳይቷል። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ የሚሸጠው ስላልነበረው የሚገዛበትም አልነበረውም፤ ገንዘብ ያልያዘ ረኀብ ደግሞ ገበያ ውስጥ ድምፅ የለውም። የባቲን የሰኞ ገበያ የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። በድርቅ ዓመት ከቆላ ፍየሉን እየነዳ የሚመጣው አርብቶ አደር ከስቶ የረከሰ ፍየል ሸጦ የተወደደ ማሽላ ይገዛል። ስለሆነም «የእህል ዋጋ ተረጋግቷል» የሚል ዜና ሲሰሙ፣ አንድ ፍየል ዛሬ ስንት ቁና እንደሚገዛ ይጠይቁ። ሴፍቲኔት በጥሬ ገንዘብ ይሁን በእህል የሚለውም ክርክር ከዚሁ ይመነጫል፤ ገንዘብ ለማጓጓዝ ይቀላል፣ ተቀባዩንም ባለምርጫ ያደርገዋል፣ ንረት በመጣ ጊዜ ግን አቅሙ ይሟሽሻል።

በመጨረሻ ጊዜውን ያስሉ። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ሲገድብ ዓላማው ንረትን ማብረድ ነበር፤ ብድር የተከለከለው ነጋዴ ጉዳቱን ወዲያው ሲያየው፣ የንረቱ መብረድ ግን ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ውሳኔው በወጣበት ዕለት የአምስት ዕቃዎችን ዋጋና የአንድ ቀን የጉልበት ሥራ ክፍያን ደብተር ላይ ይመዝግቡ። ሲያነጻጽሩ ግን ከባለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ይሁን፤ በክረምት የተወደደ ጤፍ በጥር ቢረክስ ያረከሰው አዋጁ ሳይሆን አውድማው ሊሆን ይችላል።