ማዝዳ ኤም ኤክስ 5፦ ካምቢዮ ከማውረድዎ በፊት የሚፈተሹ የፍሪሲዮን ችግሮች

የሚከተለው እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2005 ለተሠሩት ሁለት ትውልዶች ነው።

አንደኛና የኋላ ማርሽ እየጮኸ ይገባል፤ ፔዳሉን ደጋግመው ሲረግጡት ይሻሻላል

መደጋገሙ ከረዳ ችግሩ ያለው ዘይት መስመሩ ላይ ነው፤ ሸራው (የፍሪሲዮን ዲስኩ የሚፋተግ ልባስ) ላይ አይፍረዱ። በካምቢዮው ቀኝ ጎን በሁለት ቡሎን የታሰረውን፣ የፔዳሉን ግፊት በዘይት ተቀብሎ ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቀውን ታችኛውን ፓምፓ ይዩና የጎማ ሽፋኑን ይግለጡ። ውስጡ ከረጠበ የፓምፓው ጎማ አልቋል። ፔዳሉ በቀጥታ የሚገፋው ላይኛው ፓምፓ ግን ወደ መኪናው ውስጥ ስለሚያፈስ፣ ከፔዳሉ የሚነሳው ዘንግ የሚገባበትን ቦታ በጣት ይዳስሱ። ሁለቱ እኩል ካረጁ አብረው ይቀየሩ፤ አዲሱ የሚፈጥረውን ሙሉ ግፊት አሮጌው ብዙ ጊዜ አይችለውም።

ፓምፓውን ሲቀይሩ የዘይት ቧንቧውን አንገት ዙሪያውን በሚይዝ የፍሬን ቧንቧ ቁልፍ ይፍቱ፤ ተራ ቁልፍ ጠርዙን ይልጠዋል። ከዚያ አየር ማውጣት ነው፦ ረዳትዎ ፔዳሉን ቀስ ብሎ ይረግጣል፣ እርስዎ የአየር ማውጫውን ይከፍታሉ፣ ፔዳሉ ከመነሳቱ በፊት ይዘጋሉ። የፍሪሲዮኑ የዘይት ዕቃ ትንሽ ስለሆነ በጥቂት ርግጫ ይደርቃልና ቶሎ ቶሎ ይሙሉ። ዶት 3 ወይም ዶት 4 የፍሬን ዘይት ይበቃል። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ ይጠቡ።

አየሩ ወጥቶም ካልተስተካከለ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ የታችኛው ፓምፓ ዘንግ ምን ያህል እንደሚገፋ ይለኩ። ከ12 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ የፔዳሉን መያዣ ብየዳ በእጅ ባትሪ እያበሩ ይመርምሩ፤ መሰንጠቁ የታወቀ ነው፣ ጠንካራ ፕሬዠር ፕሌት (ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘው ሳህን) የገባበት መኪና ደግሞ ይብሳል። ልኩ ደህና ሆኖ ማርሹ አሁንም ከጮኸ ካምቢዮው ይወርዳል፦ የቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) መሃል ኩሽኔታ ተይዟል፣ ወይም ዲስኩ ተጣሟል።

በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍጥነት ግን አይጨምርም

መጀመሪያ ፔዳሉ ላይ ትንሽ ባዶ ጨዋታ መኖሩን ያረጋግጡ። ጨዋታ ከሌለው የፍሪሲዮን ኩሽኔታው (ፔዳሉ ሲረገጥ ፕሬዠር ፕሌቱን የሚገፋው) ሁልጊዜ ይገፋና ደህና ሸራ ይንሸራተታል። ጨዋታው ካለ ሸራው አልቋል፣ ወይም ከሞተሩ የኋላ ፓራሊዮ (የዘይት ማገጃ ጎማ) የወረደ ዘይት ነክቶታል። ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይድንም።

የ1.6 ሊትሩ ዲስክ 200 ሚሊ ሜትር፣ የ1.8ቱ 215 ነው። ለ1.6 ከሁሉ የምንመርጠው ማሻሻያ የ1.8ቱን ቮላኖ፣ ዲስክና ፕሬዠር ፕሌት አንድ ላይ መግጠም ነው፤ ዲስኩን ብቻ መቀየር አይሠራም። የቮላኖው ቡሎኖች ከ96 እስከ 103 ኒውተን ሜትር፣ የፕሬዠር ፕሌቱ ከ18 እስከ 26 ይጠበቃሉ። የቮላኖው ቡሎን ክር ማሸጊያ ይቀባ፤ አለበለዚያ የሞተር ዘይት በክሩ በኩል ይወጣና አዲሱን ሸራ ያበላሻል። ክብደቱ የቀነሰ ቮላኖ የሞተሩን ዙር ቶሎ ከፍ ያደርጋል እንጂ መንሸራተትን አያስቀርም።

ድምፅ

ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ከመጣ የፍሪሲዮን ኩሽኔታው ነው። ሲረገጥ የሚጠፋ ከሆነ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው፤ ፍሪሲዮን መቀየር አይፈታውም።

ሲነሳ ይንቀጠቀጣል

አዲስ ሸራ ከሆነ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በከተማ በእርጋታ ይነዳ። አሮጌ ከሆነ ዘይት ወይም በሙቀት የጠቆረ ቮላኖ ይፈልጉ። ስፕሪንግ የሌለው የእሽቅድድም ዲስክ ግን ጠባዩ ይህ ነው፤ ለመንገድ መኪና አንመክረውም።