የፖርቱ መብራት አረንጓዴ ነው፣ ስዊቾቹ ግን አይተዋወቁም

ባሕር ዳር ውስጥ የሰርቨር ክፍል የሚይዝ ሰው ይህን ችግር አንድ ቀን ማየቱ አይቀርም። የስቶሬጅ ዕቃ በአንድ ጊዜ ተገዝቶ አያልቅም። ከዓመታት በፊት የገባ፣ ሰርቨሮችን ከዲስክ ጋር በፋይበር ቻነል የሚያገናኝ ብሮኬድ ስዊች አለ። አዲሱ ጨረታ ደግሞ የሌላ አምራች ተመሳሳይ ስዊች፣ ሲስኮ ኤምዲኤስ፣ ይዞ ይመጣል። ከዚያ «አገናኛቸው» ይባላል። እኔም አባይ ማዶ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ሌሊት ያደርኩት በዚሁ ጉዳይ ነው።

የፖርቱ መብራት ጭራሽ ካልበራ

ይህ ቀላሉ ነው። ኤስኤፍፒውን፣ ማለትም ፖርቱ ላይ የሚሰካውንና ፋይበሩ የሚገባበትን ትንሽ ዕቃ፣ እዩ። የ32 ጊጋቢት ኤስኤፍፒ ወደ 16 እና ወደ 8 ይወርዳል፣ ወደ 4 ግን አይወርድም። አሮጌው ስዊች ባለ 4 ከሆነ አዲሱ ላይ የ16 ኤስኤፍፒ ሰኩ፤ እሱ 4ን ያውቃል። በየስዊቹ የራሱ አምራች የሚቀበለውን ኤስኤፍፒ ተጠቀሙ። ብርሃኑ በገመዱ ውስጥ ሲያልፍ የማን እንደሆነ አይጠየቅም፣ ስዊቹ ግን ይጠይቃል። የገመዱንም ርዝመት ለኩ፦ ኦኤም3 የሚባለው የፋይበር ዓይነት በ8 ጊጋቢት 150 ሜትር ይሄዳል፣ በ16 ግን 100 ብቻ። ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው የተዘረጋ ገመድ ፍጥነት ሲጨምር መቆራረጥ የሚጀምረው ለዚህ ነው።

መብራቱ በርቶ ስዊቾቹ ከተነጣጠሉ

ዋናው ራስ ምታት እዚህ ነው። ብሮኬዱ ፖርቱን «ሴግመንትድ» ይለዋል፣ ሲስኮው «አይሶሌትድ»። አጠገቡ ምክንያቱ ተጽፏል። እባካችሁ ገመድ ከመቀያየራችሁ በፊት እሱን አንብቡ። የመጀመሪያው ሌሊቴ ያለቀው ሳላነበው ነው።

«ዶሜይን» ካለ ሁለቱ ስዊቾች አንድ ዓይነት ዶሜይን አይዲ (የስዊቹ መለያ ቁጥር) ይዘዋል። ቁጥሩ ከ1 እስከ 239 ነው፣ በአንድ ፋብሪክ (በተያያዙ ስዊቾች መረብ) ውስጥም መደገም የለበትም። ሰርቨር ያልተሰካበትን ስዊች ቁጥር ቀይሩ፤ ለውጡ ሥራ ያቋርጣልና።

ዞን የትኛው ሰርቨር የትኛውን ዲስክ እንዲያይ የሚወስን ዝርዝር ነው። «ዞን» ካለ በሁለቱም ላይ ስሙ አንድ፣ አባላቱ የተለያዩ ዞን አለ። እኛ ጋ ሁለቱም «ባክአፕ» የሚባል ዞን ነበራቸው። ባልደረባዬ የአሮጌውን ስዊች ዞን ሊያጠፋ እጁ ኪቦርዱ ላይ ነበር። ያ ስዊች ግን በዚያች ደቂቃ ሥራ ተሸክሟል። ሁልጊዜ የሚጸዳው አዲሱና ባዶው ነው። ከዚያ በፊት የሁለቱንም ኮንፊግ ቅጂ አውጡ።

የስዊቾቹ የጥበቃ ሰዓት ቆጣሪዎች ከተለያዩም አይዋሃዱም። የተለመዱት 10,000 እና 2,000 ሚሊሰከንድ ናቸው። ማንም ካልነካቸው ችግር አይፈጥሩም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም እምቢ ካለ ኢንተርኦፕ ሞድ ይቀራል፤ ከሌላ አምራች ስዊች ጋር ለመግባባት የሚሰጥ ቅንብር ነው። ሲስኮ ላይ በየቪሳኑ (በስዊቹ ውስጥ በተከፈለው በየምናባዊ መረቡ) ይሰጣል። ሞድ 1 ለሁሉም አምራች የታሰበው ነው፣ 2 እና 3 ለብሮኬድ፣ 4 ማክዳታ ለሚባለው ለቀድሞ አምራች። በሞድ 1 ዶሜይን አይዲው ከ97 እስከ 127 ብቻ ይሆናል፤ 5 ብላችሁ ሰጥታችሁት ከነበረ አይሠራም። ዞኑም በፖርት ቁጥር ሳይሆን በዋይድ ወርልድ ኔም (በዕቃው ቋሚ መለያ) ብቻ ይሠራ። በሁለቱ መካከል ባለው መስመር ትራንኪንግ የሚባለውን የየአምራቹን የራሱ አሠራር አጥፉት። ከመነሳታችሁ በፊት የሶፍትዌር ሥሪታችሁን በአምራቾቹ የተኳኋኝነት ሰንጠረዥ ላይ ፈልጉት። ከሌለ አትድከሙ።

ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ሲመጣ ዲስክ ከጠፋ

እኛ ከተማ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ስዊቾቹ በተለያየ ጊዜ ይነሳሉ፣ ዶሜይን አይዲ የሚያድለው ስዊች ይቀየራል፣ ዶሜይን አይዲም አብሮ ሊቀየር ይችላል። ዲስኩን በፋይበር ቻነል አድራሻው የሚያስታውስ እንደ አሮጌ ኤችፒ-ዩኤክስ ያለ ሰርቨር ያን ጊዜ ዲስኩን ያጣዋል። መፍትሄው ቁጥሩን ማጽናት ነው፦ ብሮኬድ ላይ «ኢንሲስተንት»፣ ሲስኮ ላይ «ስታቲክ»።

አሁን ቢጠይቁኝ የምመርጠው

አላዋህዳቸውም። አዲሱ ስዊች ሰርቨር ብቻ የሚሰካበት ከሆነ እንደ ስዊች መቆጠር የለበትም። ሲስኮ ላይ ኤንፒቪ፣ ብሮኬድ ላይ አክሰስ ጌትዌይ የሚባል ሞድ አለ። ትንሹ በሚሰካበት ዋና ስዊች ላይ ኤንፒአይቪ (አንድ ፖርት ብዙ አድራሻ እንዲይዝ የሚፈቅድ ቅንብር) ከተከፈተ ትንሹ ስዊች ራሱን እንደ ሰርቨር ያቀርባል። ዶሜይን አይዲ አይወስድም፣ ዞን አይጋጭም፣ ኢንተርኦፕ ሞድም አያስፈልግም። እኛም በሁለተኛው ሌሊት ወደ ንጋት ላይ በዚህ ተገላገልን። ስቶሬጁ ግን በዋናው ስዊች ላይ ይቆይ። ሲስኮ ወደ ኤንፒቪ ሲገባ ኮንፊጉን አጥፍቶ እንደ አዲስ እንደሚነሳም አትርሱ።

ሁሉም ሲሠራ ስዊቾቹን አንድ በአንድ ሪስታርት አድርጉ፣ በየመሃሉም ሰርቨሮቹ ዲስካቸውን በሁለቱም መንገድ እንደሚያዩ አረጋግጡ። ይህን ኤሌክትሪክ ከመጥፋቱ በፊት፣ ሠራተኛ በሌለበት ቅዳሜ ከሰዓት ብታደርጉት ይሻላል።